ሰማንያ ኬላዎች፦ የሐድሪያን ግንብ ማንን ለማቆም ተሠራ?



በሰሜን እንግሊዝ፣ ከምሥራቁ የታይን ወንዝ ዳር እስከ ምዕራቡ የሶልዌይ ባሕረ ሰላጤ ድረስ፣ አንድ ጥንታዊ የድንጋይ ግንብ አገሩን አቋርጦ ያልፋል። ዛሬ አብዛኛው ፈርሷል፤ ወይም አፈር ለብሷል። በመካከለኛው ክፍል ግን የገደሉን ጫፍ ተከትሎ ሽቅብ ቁልቁል ሲል ይታያል። ርዝመቱ በሮማውያን ልክ 80 ማይል፣ በዛሬው ልክ 118 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አዳማን አልፎ የሚሄድ ርቀት ማለት ነው። ያሠራው በ117 የነገሠውና በ138 የሞተው የሮም ቄሣር ሐድሪያን ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ያዙልኝ።

ስለዚህ ግንብ ሲወራ ብዙ ሰው በዓይነ ሕሊናው የሚመጣበት ከሰሜን የሚጎርፍ ጦርና ከግንቡ ላይ ሆኖ የሚመልሰው የሮም ወታደር ነው። ማስረጃውን በቅርብ ስንመረምረው ግን ወደ ሌላ ፍርድ ይወስደናል። ግንቡ ዋና ሥራው ተራውን ሰው መቆጣጠር ነበር፤ ከብት የሚነዳውን፣ ገበያ የሚወርደውን፣ ዘመድ ሊጠይቅ የሚሄደውን። መንገዱን ቆረጠበት፤ ከዚያ በኋላ በፈቃድ ብቻ እንዲያልፍ አደረገው። ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው ይህንን ነው።

መጀመሪያ ስለ ቄሣሩ ጥቂት ልበል። ከሐድሪያን በፊት የነበረው ትራጃን ጦረኛ ነበር፤ የሮምን ግዛት ከዳኑብ ማዶ ወደ ዳሲያ፣ በምሥራቅም እስከ ሜሶጶጣሚያ አስፍቶ ሞተ። ሐድሪያን ዙፋን ላይ እንደ ወጣ በምሥራቅ የተያዘውን አዲስ አገር ለቀቀ። ለእርሱ ግዛቱ ከበቂ በላይ ሰፍቷል፤ ከእንግዲህ የሚያስፈልገው ያለውን አጽንቶ መያዝ ነው። የንግሥናውን ዘመን እኩሌታ ያህል ያሳለፈው ከጠረፍ ጠረፍ እየዞረ፣ ወታደሩን እየጎበኘና ሥርዓት እያስያዘ ነው። በ122 ብሪታንያ ደረሰ። የግንቡ ሥራ የተጀመረው በዚያው ሰሞን ነው፤ ሥራውን በበላይነት የመራው አገረ ገዥው አውሉስ ፕላቶሪዩስ ኔፖስ ነበር።

የገነቡት ባሪያዎች የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ግንበኞቹ ግን በደመወዝ የሚያገለግሉ ወታደሮች ነበሩ፤ በብሪታንያ የሰፈሩት የሦስቱ ሌጌዎኖች ሰዎች። እያንዳንዱ ሌጌዎን ሙሉ ሲሆን 5,000 ሰው ገደማ ይይዛል፤ ከመካከላቸው ቀያሹ፣ ድንጋይ ጠራቢው፣ አናጢውና ኖራ አቃጣዩ ሁሉ አለ። መስመሩ እየተከፋፈለ ለየክፍሉ ይታደላል። የጨረሰውም ስሙን በድንጋይ ቀርጾ ይተዋል፤ ይህን ያህል ርዝመት የሠራነው እኛ፣ የእገሌ መቶ አለቃ ሰዎች ነን እያለ። እነዚህ ድንጋዮች በብዛት ተገኝተዋል። ታሪኩን ለመጻፍ ከቄሣሩ ሐውልት ይልቅ የጠቀሙን እነርሱ ናቸው ብል አላጋነንሁም።

አሠራሩም ቀላል ነበር። ሁለት የተጠረበ ድንጋይ ፊት በግራና በቀኝ ይቆማል፤ መካከሉ በጭቃና በኖራ በተያዘ ስብርባሪ ድንጋይ ይሞላል። ይህ የምሥራቁ ክፍል ነው። በምዕራብ በኩል ግን መጀመሪያ የተሠራው ከነሣሩ እየተቆረጠ በተነሣ የአፈር ጡብ ሲሆን፣ ከሥሩ 6 ሜትር ያህል ይሰፋ ነበር፤ ወደ ድንጋይ የተለወጠው በኋላ ነው። ከግንቡ በስተ ሰሜን ጥልቅ ቦይ ተቆፈረ። በየማይሉ አንድ ትንሽ ምሽግ፣ በሁለት ምሽጎች መካከል ደግሞ ሁለት የመጠበቂያ ማማዎች ተሠሩ። መሬቱ ገደል ይሁን ሜዳ ቀያሾቹ ርቀቱን ከሞላ ጎደል ሳያዛንፉ ሄደውበታል።

ሥራው ከተጋመሰ በኋላ ግን ዕቅዱ ተለወጠ። መሠረቱ 10 የሮማውያን ጫማ ስፋት ሆኖ በተጣለበት ቦታ ላይ ግንቡ ወደ 8 ጫማና ከዚያ በታች ጠብቦ ወጣ፤ ሰፊው መሠረት ከጠባቡ ግንብ ሥር እስከ ዛሬ ጎልቶ ይታያል። ትልልቆቹ የጦር ሰፈሮችም ቀድሞ ከግንቡ ወደ ደቡብ ራቅ ብለው ነበር፤ አሁን በግንቡ መስመር ላይ እንዲሆኑ ተወሰነ። ሃውስቴድስ በተባለው ሰፈር ውስጥ የአንድ ማማ መሠረት ተገኝቷል፤ ማማው ተሠርቶ ሳለ ፈርሶ ሰፈሩ በላዩ ላይ ተሠርቷል ማለት ነው። ከእነዚህ ለውጦች ሁሉ የሚያስገርመው በስተ ደቡብ በኩል የተጨመረው ነው። 6 ሜትር የሚሰፋ፣ 3 ሜትር የሚጠልቅ ሌላ ቦይ ተቆፈረ፤ በግራና በቀኙ የአፈር ቁልል ተከመረ፤ ሁሉም አንድ ላይ 36 ሜትር ያህል ስፋት ያዘ። ይህ በሮም ግዛት በኩል ነው! ጠላት አለ በተባለበት በኩል ሳይሆን ገባሩ ሕዝብ በሚኖርበት በኩል። የሚሻገሩትም በየጦር ሰፈሩ ፊት ለፊት ባለ በር ብቻ ነበር።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። የሰሜኑን ጠላት ለመመለስ ብቻ የሚሠራ ሰው ከኋላው በገዛ ገባሩ ፊት ይህን የሚያህል ቦይ ለምን ይቆፍራል? ይህንንስ እንተወውና፣ በየማይሉ ያሉት ትንንሽ ምሽጎች በደቡብም በሰሜንም በር ነበራቸው። ምሽጎቹ 80 ያህል ናቸው። ጠላትን መመለስ ብቻ የሚፈልግ ሰው ግንቡን በ80 ቦታ አይበሳም። አባቶቻችን ለዚህ ዓይነቱ ቦታ የሚስማማ ስም ነበራቸው፤ ኬላ ይሉታል። መንገደኛው ይቆማል፤ ከየት መጣህ፣ ወዴት ትሄዳለህ፣ ምን ይዘሃል ይባላል፤ ይፈተሻል፤ የሚያስከፍልም ካለ ይከፍላል።

ሃውስቴድስ አጠገብ በሸለቆው ውስጥ አንድ በር አለ፤ የተሠራው ግንቡ ከተሠራ ብዙ ዘመን በኋላ ነው። ከፊትም ከኋላም መዝጊያ አለው፤ በግራና በቀኝ የዘብ ክፍል ተሠርቶለታል። የመጣው ሰው በፊተኛው መዝጊያ ይገባል፤ ይዘጋበታል፤ በሁለቱ መካከል ቆሞ ይፈተሻል፤ ከዚያ በኋላ ነው ሁለተኛው የሚከፈትለት። ይህን በር ያቀደው ሰው ያሰበው ስለ ጦርነት አልነበረም፤ ስለ ነጋዴውና ስለ እረኛው እንጂ።

ይህን ስል በአካባቢው ሰላም ነበር ማለቴ አይደለም። በምሥራቁ ክፍል በግንቡና በሰሜኑ ቦይ መካከል በተርታ የተቆፈሩ ጉድጓዶች ተገኝተዋል፤ በውስጣቸው የሾለ እንጨት ይተከል ነበር። የከብት ዘራፊና የሌሊት ወራሪ ይፈራ ነበር ማለት ነው። በ180ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የሰሜን ሰዎች ግንቡን ተሻግረው አንድ የሮም አዛዥ ከነወታደሮቹ መግደላቸውን ካሲዩስ ዲዮ የተባለው የታሪክ ጸሐፊ መዝግቧል። ትልቅ ጦር ከተነሣ ግንቡ ብቻውን እንደማያቆመው ሮማውያንም ያውቁ ነበር፤ ትልቅ ጦር የሚገጥሙት ከግንቡ ወጥተው በሜዳ ነው።

አሁን ወደ ገበሬው ልምጣ፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ባለጉዳይ እርሱ ነውና። አርኪዮሎጂስቶች በአንዳንድ ቦታ ከግንቡና ከጦር ሰፈሮቹ መሠረት በታች ሲቆፍሩ በአፈሩ ላይ ተጭኖ የቀረ የማረሻ ፈለግ አግኝተዋል። የዚያ ዘመን የብሪታንያ ማረሻ አፈሩን የማይገለብጥ፣ እየሰነጠቀ የሚያልፍ ነው፤ የእኛ ገበሬ ሞፈርና ቀንበር አዋድዶ የሚያርስበት ዓይነት። ስለዚህ መሬቱን አንድ ጊዜ ሰንጥቆ፣ ተመልሶ በመስቀለኛው ያርሰዋል። ከድንጋዩ ሥር የተገኘው ይህ መስቀለኛ ፈለግ ነው። ባለቤቱ ስሙ በምንም ድንጋይ ላይ አልተጻፈም። ቀያሾቹ መጥተው መስመራቸውን በእርሻው ላይ አሰመሩ።

ከግንቡ በስተ ሰሜን ያሉት የከፋ ሳይደርስባቸው አልቀረም። ከኒውካስል ወደ ሰሜን ባለው የባሕር ዳር ሜዳ በቅርብ አሥርት ዓመታት ሰፊ ቁፋሮ ተደርጓል፤ በዚያ ለብዙ ትውልድ የቆዩ፣ በቦይና በአጥር የተከበቡ፣ ክብ ቤቶች የሞሉባቸው የገበሬ መንደሮች እንደነበሩ ታውቋል። እነዚህ መንደሮች ግንቡ ከተሠራ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ተለቀዋል። ሮማውያን አስለቅቀዋቸው ይሆናል፤ ገበያቸውና ዘመዳቸው ከግንቡ ማዶ ስለቀረባቸውም ተነሥተው ይሆናል። በየትኛውም መንገድ ይሁን፣ ለብዙ ዘመን የታረሰ አገር በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ባድማ ሆነ። የግንቡ ታሪክ በተነገረ ቁጥር ይህ አብሮ ሊነገር ይገባል ብዬ አምናለሁ። የድንጋዩን ቁመትና ስፋት እየለካን ገበሬውን ከረሳነው ታሪኩን የምናነበው በቄሣሩ ዓይን ብቻ ነው።

የሚገርመው ደግሞ ጠባቂዎቹም የአገሩ ባለቤቶች አልነበሩም፤ የሮም ከተማ ሰዎችም አልነበሩም። ሌጌዎኖቹ ግንቡን ሠርተው ወደ ሰፈራቸው ተመለሱ። ጥበቃው የተሰጠው ለረዳት ጦር ነው፤ የሮም ዜግነት የሌላቸው፣ 25 ዓመት አገልግለው ሲሰናበቱ ዜግነት የሚያገኙ፣ ከየተገዛው አገር የተመለመሉ ሰዎች። ከዛሬዎቹ ቤልጂግና ኔዘርላንድስ፣ ከስፔን፣ ከዳኑብ ወንዝ ዳር፣ ከሶርያ መጥተዋል።

ስለ ኑሯቸው የምናውቀው በአብዛኛው ቪንዶላንዳ ከተባለ ቦታ በተገኘ ጽሑፍ ነው። ቪንዶላንዳ ከግንቡ ጥቂት ወደ ደቡብ ያለ የጦር ሰፈር ነው፤ ከግንቡም ይቀድማል። በ1973 አርኪዮሎጂስቱ ሮቢን በርሊ እርጥብ ጭቃ ውስጥ እንደ ካርድ የሳሱ የእንጨት ገበታዎች አገኘ፤ በቀለም ተጽፎባቸዋል። አየር ያልገባው ጭቃ 1,900 ዓመት ያህል ጠብቆ አቆይቷቸዋል። ከዚያ ወዲህ በመቶዎች የሚቆጠሩ ተገኝተዋል። አንዱ የሠራዊት ቁጥር መግለጫ ነው፤ በአንድ ክፍለ ጦር ውስጥ ከነበሩት 752 ሰዎች 456ቱ በልዩ ልዩ ግዳጅ ሌላ ቦታ እንዳሉ፣ በሰፈሩ ከቀሩትም 31ዱ በሕመምና በቁስል ለሥራ ብቁ እንዳልሆኑ ይዘረዝራል። በሌላው አንድ ሰው ለወታደር ካልሲና የውስጥ ሱሪ መላኩን ይጽፋል። የእህልና የቆዳ ነጋዴ የሆነ ሌላው መንገዱ እስኪስተካከል ቆዳውን ማምጣት እንዳልቻለ ያስረዳል፤ ገንዘብ ካልተላከለት ቀብዱ እንደሚቀርበትም ይማጠናል። ከባሕር ማዶ የመጣ አንድ ሰው ደግሞ ያለ ጥፋቱ በበትር መገረፉን ገልጾ ለባለሥልጣን አቤት ይላል። የጠረፍ ኑሮ ምን እንደሚመስል ከዚህ አቤቱታ የበለጠ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ከገበታዎቹ የታወቀው የአንዲት ሴት ደብዳቤ ነው። ክላውዲያ ሴቬራ የአንድ አዛዥ ሚስት ናት፤ በ100 ገደማ ለሌላው አዛዥ ሚስት ለሱልፒኪያ ሌፒዲና ጻፈች። ልደቴን ለማክበር ነዪልኝ ትላታለች፤ ቀኑ ሴፕቴምበር 11 ነው፤ በዛሬው አቆጣጠር የእኛ እንቁጣጣሽ የሚውልበት ዕለት። ደብዳቤውን ጸሐፊ ጽፎላት፣ መጨረሻ ላይ በራሷ እጅ ጥቂት የፍቅር ቃላት ጨምራለች። በላቲን ቋንቋ ሴት በእጇ የጻፈችው መሆኑ ከሚታወቁት ጽሑፎች ቀደምት ከሆኑት አንዱ ይህ ነው።

ከታይን ወንዝ አፍ በሳውዝ ሺልድስ የነበረው ሰፈር ለግንቡ ስንቅ የሚራገፍበት ወደብ ነበር። በዚያ የተገኘ አንድ የመቃብር ድንጋይ አለ። ያቆመው ባራቴስ የሚባል የሶርያ ሰው ነው፤ አገሩ ፓልሚራ፣ በምድረ በዳ መካከል ያለችው የነጋዴዎች ከተማ ናት። ያቆመው ለሚስቱ ለሬጂና ነው። ሬጂና የደቡብ እንግሊዝ ተወላጅ ናት፤ ባሪያው ነበረች፣ ነፃ አወጣት፣ አገባት፣ በ30 ዓመቷ ሞተችበት። በድንጋዩ ላይ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትታያለች፤ የጌጥ ሣጥንና የፈትል ቅርጫት በአጠገቧ አለ። የላቲኑ ጽሑፍ ካለቀ በኋላ ከሥሩ አንድ መስመር በፓልሚራ ፊደል፣ በአረማይክ ቋንቋ ተጽፏል፤ ይህ ከግእዝ ጋር ከአንድ የሴማዊ ቤተሰብ የሆነ ቋንቋ ነው። ላቲኑ ስሟን፣ ነገዷንና ዕድሜዋን ይናገራል። የአረማይኩ መስመር ወዮ ብሎ ያለቅሳል። በዚያ ጠረፍ ያንን መስመር ሊያነብ የሚችል ሰው ጥቂት መሆኑን ባራቴስ ያውቅ ነበር፤ ቢሆንም አስጻፈው።

አፍሪቃውያንም ነበሩ። እዚያው ሳውዝ ሺልድስ በ20 ዓመቱ የሞተው ቪክቶር ትውልዱ ከሰሜን አፍሪቃ፣ ከሞር ሕዝብ መሆኑ በመቃብሩ ላይ ተጽፏል፤ ባሪያ የነበረና ነፃ የወጣ ወጣት ነው። በምዕራቡ ጫፍ አካባቢ ባለው በበርግ ባይ ሳንድስ ደግሞ በ3ኛው መቶ ዘመን አንድ ሙሉ የሞር ጦር ሰፍሮ ነበር። ግንቡን ያሳደሰው ቄሣር ሴፕቲሚዩስ ሴቬሩስ ራሱ የሊቢያ ተወላጅ ነው። በእርሱ ታሪክ ውስጥ በግንቡ አጠገብ አንድ ኢትዮጵያዊ ወታደር እንደገጠመው ተጽፏል። ይህ ለእኛ ጆሮ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ሮማውያን ያን ስም ለጥቁር ሰው ሁሉ ይሰጡ ስለነበር የአገራችን ሰው ነው ብሎ መደምደም አይገባም፤ ታሪኩን የሚተርከው መጽሐፍም በብዙ ቦታ የማይታመን ነው። እንግዶቹ በግንቡ ላይ መኖራቸው በድንጋይ ተረጋግጧል፤ ተጨማሪ ተረት አያስፈልገንም።

የቀረውን ዘመን በአጭሩ ልለፈው። ከሐድሪያን ቀጥሎ የነገሠው አንቶኒኑስ ፒዩስ ጠረፉን ወደ ሰሜን ገፍቶ ከ142 ጀምሮ በስኮትላንድ ሌላ የአፈር ግንብ አሠራ፤ አንድ ትውልድ ሳይሞላው ተትቶ ጦሩ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ሴቬሩስ በ208 መጥቶ ሰሜኑን ሲወጋ ቆይቶ በ211 በዮርክ ሞተ። በ410 ገደማ የሮም አስተዳደር ከብሪታንያ ሲያበቃ ደመወዝ ቀረ። አንዳንዱ ሰፈር ግን ወዲያው አልተለቀቀም፤ በርዶስዋልድ በተባለው ሰፈር የእህል ጎተራው በፈረሰበት ቦታ ላይ ትልልቅ የእንጨት አዳራሾች ተሠርተው ሰው ኖሮባቸዋል።

ከዚያ በኋላ ግንቡ የድንጋይ ካባ ሆነ። ገበሬው ለበረቱ፣ መነኩሴው ለቤተ ክርስቲያኑ ወሰደ። በጃሮ ገዳም ይኖር የነበረው፣ በ735 ያረፈው ሊቁ ቢድ የግንቡን ስፋት 8፣ ቁመቱን 12 ጫማ ብሎ ጽፏል። የድንጋዩን ግንብ ግን የሠሩት ሮማውያን ከአገሩ ሊወጡ ሲሉ ነው ብሎ ያምን ነበር። ሌሎች በኋላ ለሴቬሩስ ሰጡት። በ1840 ጆን ሆጅሰን የተባለ ቄስ የድንጋይ ጽሑፎቹን ጠቅሶ ያሠራው ሐድሪያን ነው ብሎ ተከራከረ፤ የሐድሪያንና የአገረ ገዥው የኔፖስ ስም ያለባቸው ድንጋዮች ከአንዱ ኬላ ወጥተው ነበርና።

ግንቡን ክፉኛ የጎዳው መንግሥት ራሱ ነው። በ1745 የስኮትላንድ አማፂያን ወደ ደቡብ ሲዘምቱ በኒውካስል የነበረው የመንግሥት ጦር መንገድ አጥቶ ሳይደርስባቸው ቀረ። ስለዚህ በ1750ዎቹ ከኒውካስል እስከ ካርላይል የጦር መንገድ ተሠራ፤ ለብዙ ኪሎ ሜትር ግንቡ ፈርሶ የመንገዱ መሠረት ሆነ። ዛሬ በመኪና የሚያልፍ ሰው በግንቡ ላይ እየሄደ ነው። በ1801 ዊልያም ሃተን የተባለ የ78 ዓመት ሽማግሌ ከበርሚንግሃም በእግሩ ሄዶ ግንቡን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጓዘ፤ ቤት ሊሠራ ግንቡን የሚያፈርስ ሰው ቢያገኝ ተው ብሎ ለመነ። በኋላ የኒውካስል ከተማ ጸሐፊ የነበረው ጆን ክሌይተን ከ1834 ጀምሮ ግንቡ የሚያልፍበትን መሬት በገዛ ገንዘቡ እየገዛ አስጠበቀ። በ1890 ሲሞት አምስት የጦር ሰፈሮች በእጁ ነበሩ። ዛሬ የምናየው አብዛኛው የመካከለኛው ክፍል የተረፈው በእርሱ ነው። በ1987 ግንቡ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ።

በእንግሊዝ አገር የምትኖሩና ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ወገኖች፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱና እዩት። ከሳውዝ ሺልድስ ጀምሩ፤ የባራቴስና የሬጂና ድንጋይ በዚያው ሰፈር ቤተ መዘክር ውስጥ አለ። ከዚያ ወደ ሃውስቴድስ ወጥታችሁ ባለ ሁለት መዝጊያውን በር አሳዩአቸው፤ በውስጡም አቁማችሁ ስለተፈተሹት ሰዎች ንገሯቸው። የቪንዶላንዳ ቁፋሮ አሁንም በየበጋው ይቀጥላል፤ ፈቃደኛ ቆፋሪዎችንም ይቀበላል፤ የሚፈለገው አስቀድሞ መመዝገብ ነው።